«ፕሪቴንድስ ቱ ስሊፕ» ብዬ ጽፌ ጉድ ሆንኩ፤ ስለ ማስመሰል ቃላት እርዱኝ

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ማታ ማታ አብሬያቸው የማድር አንድ አዛውንት አሉ። በየሁለት ሰዓቱ ገብቼ አያቸውና ሁኔታቸውን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ተከድኗል፣ ትንፋሻቸው ደህና ነው። «የተኙ ይመስላሉ» አልኩ በልቤ። ከዚያ ያንን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ «ሂ ፕሪቴንድስ ቱ ስሊፕ» ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት ልጃቸው መጥታ አነበበችው። ፊቷ ተለዋወጠ። «አባቴን አስመሳይ ነው እያልሽ ያለሽው?» አለችኝ። እዚያው ቆማ ለአለቃዬ ደወለች። አለቃዬም ጠርታ «በሽተኛውን ለምን ትወነጅያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንዳጠፋሁ እንኳን አልገባኝም ነበር። እኚህን ሰው እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ሾርባቸውን አቀዝቅዤ፣ እግራቸውን አሽቼ ነው የማስተኛቸው።

ቤት ስገባ መዝገበ ቃላት አወጣሁ። ፕሪቴንድ፣ ፌይን፣ ፌክ፣ ሻም፣ ፎኒ፣ ሆክስ… የሁሉም ፍቺ «ማስመሰል፣ ማታለል» ነው። ታዲያ አንድ ከሆኑ ይህ ሁሉ ቃል ለምን አስፈለገ? አንድ ካልሆኑ ደግሞ ልዩነታቸው ምንድን ነው? የሚያውቅ እባካችሁ ያስረዳኝ። ሁለተኛ እንዲህ መሳሳት አልፈልግም።

መምህር ዘደሴ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ይህን ስህተት በየዓመቱ ደብተር ላይ አገኘው ነበር። ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው የሚሳሳቱት። ከስንፍና አይደለም የሚመጣው፣ ከአማርኛው ነው።

«መሰለ» የሚለውን ግሣችንን እስቲ አስቢው። «መሰለኝ» ስንል ግምታችንን እየተናገርን ነው። «አባቱን ይመስላል» ስንል መልክ ነው። ምስል፣ ምሳሌ፣ አምሳያ ሁሉም ከዚያው ነው የወጡት። «አስ» ስንጨምርበት «አስመሰለ» ይሆናል፤ ያኔ ሰውየው ሆን ብሎ ያደረገው ነገር ነው። እኛ ጋ ሁለቱ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። በእንግሊዝኛ ግን ጎረቤት እንኳን አይደሉም። «ይመስላል» ማለት ሲም ነው፣ ወይም አፒር። እዚያ ውስጥ ጥፋተኛ የለም፤ የሚናገረው የተመልካቹን ዓይን ነው። ፕሪቴንድ ግን የሚናገረው የሠሪውን ሐሳብ ነው። ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ «ፊት ለፊት መዘርጋት» ማለት ነው። መጋረጃ እንደ መዘርጋት አድርጊና ያዥው። ፕሪቴንድ ካልሽ ከመጋረጃው ኋላ ሌላ ነገር አለ እያልሽ ነው። ልጅቷ የተቆጣችው ለዚህ ነው።

ድሮ ቃሉ እንዲህ ክፉ አልነበረም። «ይገባኛል ማለት» የሚል ፍቺም ነበረው። በ1688 ዙፋኑን ያጣው የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ ጄምስ ስቱዋርት «አሮጌው ፕሪቴንደር» ይባል ነበር። በ1745 ስኮትላንድ ገብቶ ጦር ያነሣው ልጁ ቻርልስ ደግሞ «ወጣቱ ፕሪቴንደር» ተባለ። የዙፋን ይገባኛል ባይ ማለት ነው። ቀስ በቀስ የውሸት ሽታው አሸነፈና ቃሉ ዛሬ የምናውቀው ሆነ።

ሳሪስ፦

የማታ ፈረቃ፣ እኔም ደርሶብኛል። ለአንድ ሥራ ስወዳደር «ጓደኞቼ ጎበዝ እመስላቸዋለሁ» ለማለት ፈልጌ «ጎበዝ መስዬ አታልላቸዋለሁ» ብዬ ተናገርኩ። ሥራውን አላገኘሁም። ምክንያቱ የገባኝ ዛሬ መምህርን ሳነብ ነው።

ነርስ ነኝ፦

የማታ ፈረቃ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። ከቃሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለሥራሽ ይጠቅምሻል። መዝገብ ላይ ያየሽውን ጻፊ፣ የገመትሽውን አትጻፊ። «ተኝተዋል» ግምት ነው። «ዓይናቸው ተከድኗል፣ ትንፋሻቸው እኩል ነው፣ ስጠራቸው አልመለሱም» ግን ያየሽው ነው። እንዲህ ከጻፍሽ ማንም አይከስሽም። ዶክተሩም ከዚያ ነው የሚጠቀመው።

ስለ ቃላቱ፣ እኛ ቤት በጣም የሚፈራ አንድ አለ፦ ማሊንገሪንግ። ሰው ለጥቅም ብሎ የታመመ ሲያስመስል ነው። ከሥራ ለመቅረት፣ ከጦር ሜዳ ለማምለጥ፣ ካሳ ለማግኘት። ይህን ቃል በሰው መዝገብ ላይ መጻፍ ክስ ነው። አንዴ ከተጻፈ ሰውየው በእውነት ሲታመምም የሚያምነው ያጣል። በተለይ ሕመሙን በእንግሊዝኛ መግለጽ የማይችል አገራችን ሰው ሲሆን ልቤ ይደማል። ዝም ያለው ቃል አጥቶ ነው፤ እነሱ ግን የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

ከማሊንገሪንግ የሚለይ ሌላም አለ። ገንዘብም እረፍትም ሳይፈልግ፣ በሽተኛ መሆኑን ብቻ ፈልጎ ሕመም የሚፈጥር ሰው አለ። በ1951 ሪቻርድ አሸር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን «ሙንቻውዘን ሲንድሮም» ብሎ ሰየመው። ይኸኛው ሰው ራሱ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም «አስመሳይ» ናቸው፤ የምንይዛቸው ግን በጣም በተለያየ መንገድ ነው።

አባይ ማዶ፦

ፈረንጆቹ ለማስመሰል ይህን ያህል ቃል ያወጡት ስለሚያስመስሉ ነው። ለእኛ አንድ ቃል በቂያችን ነው።

ቃላት ለቃሚ፦

ወንድሜ አባይ ማዶ፣ በዚህ አልስማማም። እኛም አንድ ቃል ብቻ የለንም፤ መዝገበ ቃላቱ ነው ያሳነሰን። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ማስመሰል» ብለው ያልፉታል። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው የሚናገረውን ግን ስማ።

ሻም ለሚለው «የይስሙላ» የሚል ግሩም ቃል አለን። የይስሙላ ምርጫ፣ የይስሙላ ስብሰባ። ቅርጹ አለ፣ ሁሉም ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። «ለይምሰል» ደግሞ ከእሱ ትንሽ ይለያል። ለይምሰል ጠየቀኝ ስል ሰውየው ግዴታውን ለመወጣት ብቻ መጣ ማለቴ ነው። ስለ ሌላው ኃጢአት እያወራ ራሱን ጻድቅ የሚያደርገውን «ተመጻዳቂ» እንለዋለን። እንግሊዞች ሳንክቲሞኒየስ የሚሉት እሱን ነው። በሚጣፍጥ ቃል እያሞኘ የሚያዘናጋህ «ሸንጋይ» ነው። እያየኸው ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሸው «ቀጣፊ» ነው። ሰነድ ሲሆን ደግሞ ከተማው ሁሉ «ፎርጅድ» ነው የሚለው፤ ያም አሁን የእኛ ቃል ሆኗል።

እኔ በጣም የምወደው ግን «ነኝ ባይ» የሚለውን ነው። ምሁር ነኝ ባይ፣ ሐኪም ነኝ ባይ። የሰውየውን አባባል ሳንነካ ወደ ራሱ አፍ መለስንለት። እንግሊዝኛ ፕሪቴንሽየስ፣ ቻርላታን፣ ኳክ እያለ ሦስት ቦታ የሚከፍለውን እኛ በሁለት ቃል እንይዘዋለን። ሰዋስዋችንም ራሱ ያግዘናል። «እንዳላየ ሆኖ አለፈኝ» ስንል ፕሪቴንድ የሚባል ግሥ እንኳን አላስፈለገንም።

ሳሪስ፦

ቃላት ለቃሚ፣ «መግደርደር»ንስ የት ታስገባዋለህ? የእኛ ቤት ሕግ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ብላ» ይባላል፣ «በልቻለሁ» ይላል፣ አልበላም። ሦስተኛው ላይ ነው እጁን የሚታጠበው። አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬን ቤቴ ጋበዝኩት። እናቴ ስትለምነው «አልራበኝም» ሲል የሚግደረደር መስሏት መለመኗን ቀጠለች፤ ሰውየው እውነቱን ነበር። ሊፈነዳ ደረሰ። እኔ ደግሞ እሱ ቤት ሄጄ አንዴ «በልቻለሁ» አልኩና ሳህኑን አነሱት። ርቦኝ ነው ያደርኩት።

ይህ ውሸት ነው? እኔ ውሸት ነው ብዬ አላምንም።

መምህር ዘደሴ፦

ሳሪስ፣ የነገሩን ልብ ያገኘኸው አንተ ነህ። መግደርደር ማታለል የማይሆነው ሁለቱም ስለሚያውቁ ነው። ጋባዧም ታውቃለች፣ እንግዳውም ያውቃል። ልጆች «የውሸት እናትና አባት እንሁን» ብለው ሲጫወቱም እንዲሁ ነው፤ ያን ጊዜ እንግሊዝኛውም ፕሪቴንድ ነው፣ ማንም አይቆጣም። እኔ ከአሁን በኋላ ለተማሪ የማስተምረው በዚህ መንገድ ነው፦ ቃል ከመምረጥህ በፊት «ሌላኛው ሰው ያውቃል ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

ኮይ የሚለው ቃል «መሽኮርመም» እና «መቅለስለስ»ን ይይዛል፤ መግደርደርን ግን ሙሉ በሙሉ አይይዝም። ኮይ ላይ የማሽኮርመም ሽታ አለ፤ የእኛዋ ግን የእንጀራ ጉዳይ ናት። አፌክቴሽን የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። ሥሩ በላቲን «ለመድረስ መጣጣር» ነው። ሰውየው ያልሆነውን አነጋገር፣ አረማመድ፣ ሳቅ ለመያዝ ይጣጣራል። ጥረቱ ስለሚታይ ነው የሚያስጠላው። ለዚያ እኛ «መጀነን»፣ «መኮፈስ»፣ «አጉል መራቀቅ» እንላለን።

ለንደን ነዋሪ፦

ሆክስ የሚለውን ማንም ስላልነካው እኔ ልሞክር። ምክንያቱም የዚህ ቃል ትልቁ ታሪክ እኛን ይመለከታል።

እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 1910 ስድስት ወጣት እንግሊዞች ከፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ተነሥተው ወደ ዌይመዝ ሄዱ። አራቱ ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ጥምጥምና ካባ ለብሰው፣ የውሸት ጺም ለጥፈው ነበር። «የአቢሲኒያ መሳፍንት» ነን አሉ። አንዱ አስተርጓሚ፣ አንዱ የውጭ ጉዳይ ሰው ሆነ። አስቀድሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስም ቴሌግራም ተልኳል። የባሕር ኃይሉ ኩራት የነበረው ድሬድኖት የተባለው የጦር መርከብ በክብር ተቀበላቸው። የኢትዮጵያ ባንዲራ ስላልተገኘ የዛንዚባር ባንዲራ ተሰቀለ፤ የተመታውም የዛንዚባር መዝሙር ነው። መሳፍንቱ የሚናገሩት የተቆራረጠ ላቲንና ግሪክ ነበር። ምግብ ሲቀርብላቸው በሃይማኖት አሳበው እምቢ አሉ። እውነተኛው ምክንያት የከንፈራቸው ቀለም እንዳይለቅ ነው። ከአራቱ አንዷ ሴት ነበረች፤ በኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ በሚል ስም ታላቅ ደራሲ የሆነችው። የነገሩ ጠንሳሽ ሆራስ ኮል ታሪኩን ራሱ ለጋዜጣ አወጣው።

ሆክስ ከማጭበርበር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አጭበርባሪ እንዳይታወቅ ይፈልጋል። ሆክስ የሠራ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ካልታወቀለት ድካሙ ከንቱ ነው። ገንዘብ አልወሰዱም፤ የፈለጉት መርከቡ ላይ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ማሳፈር ነበር።

እኔን ግን ሌላ ነገር ነው ያመመኝ። ዓድዋ ከሆነ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ራስ መኰንን በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ በዓል ለንደን መጥተው ታይተዋል። በዚያ የካቲት ዐፄ ምኒልክ በጠና ታመው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በመርከቡ ላይ «ይህ አማርኛ አይደለም» የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። የእንግሊዝ መጻሕፍት ይህን ሲያወሩ የባሕር ኃይሉን ሞኝነት ነው የሚያወሩት። የተቀባው ፊት የማን እንደሆነ የሚያነሣው ጥቂቱ ነው።

ቃላት ለቃሚ፦

ለንደን ነዋሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ታሪክ እስከዛሬ አልሰማሁም ነበር። በመምህር ጥያቄ ስመዝነው፣ ሌላኛው ሰው ያውቃል ወይ? መርከበኞቹ ብዙም ሳይቆዩ አወቁ። እኛ ግን የሰማነው ዛሬ ነው።

የሕግ ተማሪ፦

እኔ ኮን ማን የሚለውን ልጨምር። ኮን የሚለው ኮንፊደንስ ከሚለው የተቆረጠ ነው፣ እምነት ማለት ነው። በ1849 ኒው ዮርክ ውስጥ ዊልያም ቶምፕሰን የሚባል ሰው ተያዘ። ዘንጦ መንገድ ላይ ይቆማል። የማያውቀውን ሰው እንደ ድሮ ወዳጅ ሰላም ይላል። ጥቂት ያጫውተውና «ሰዓትህን እስከ ነገ አምነህ ትሰጠኛለህ?» ይለዋል። ሰዎች ያፍሩና ይሰጡታል። ጋዜጦቹ «የኮንፊደንስ ሰው» አሉት፣ ቃሉ ከዚያ ቀረ። በእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «እምነት ማጉደል» እና «ማታለል» የተለያዩ ወንጀሎች ናቸው። በመጀመሪያው ሰጥተኸው ነው የካደህ። በሁለተኛው የሰጠኸው አስቀድሞ ስላታለለህ ነው። የቶምፕሰን ሥራ ሁለተኛው ነው።

ፎኒ፣ ማለትም የውሸት፣ የሚለው ደግሞ ሥሩ ቀለበት ነው። ፎውኒ የሚባል የሌቦች ቃል ነበር፤ ከአይሪሽ የመጣ፣ ትርጉሙ ቀለበት። የወርቅ ቅብ ያለው የነሐስ ቀለበት መንገድ ላይ ይጥላሉ፣ ከአንተ ጋር እኩል «ያገኙታል»፣ ድርሻቸውን ይሸጡልሃል። ይህን ሳነብ እናቴን አሰብኩ። አውቶቡስ ተራ አካባቢ «እናቴ፣ ወርቅ ወድቆ አገኘን፣ እንካፈል» ብለው ለልብስ መግዣ የያዘችውን ወሰዱባት። የዚያን ቀን ከገንዘቡ ይልቅ «እናቴ» ያሏት ነው ያስለቀሳት።

ከሪያድ፦

ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ጋዝላይቲንግ የሚባለውስ? ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ እመቤቲቱ ያላለችኝን «ብዬሽ ነበር» ትለኛለች። ያስቀመጥኩት ዕቃ ቦታው ይቀየራል። «አንቺ ነሽ ያነሣሽው፣ ትረሻለሽ» ትላለች። አንድ ዓመት ሙሉ የማስታወስ ችሎታዬ የጠፋ መስሎኝ ነበር። በየማታው የሠራሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ወረቀቱ ነው ያዳነኝ። በኋላ አንዲት ጓደኛዬ «ይህ ስም አለው» አለችኝ። ስም እንዳለው ስሰማ ተቀምጬ አለቀስኩ።

መምህር ዘደሴ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር እንኳን አወጣሽ። ቃሉ የመጣው በ1938 እንግሊዝ አገር ከቀረበ አንድ ቲያትር ነው። ባልየው በድብቅ ፎቅ ላይ ወጥቶ መብራት ሲያበራ የታችኛው ቤት የጋዝ መብራት ይደበዝዛል። ሚስቱን ግን «አእምሮሽ ነው የታወከው» እያለ ያሳምናታል። ለብዙ ዓመት ቃሉን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። በ2022 ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል አድርጎ መረጠው። ሌላው አታላይ ስለ ዓለም ነው የሚዋሽሽ፤ ይኸኛው ስለ ራስሽ ዓይን ነው የሚዋሽሽ። በአማርኛ አንድ ቃል አላገኘሁለትም። አንቺ የጻፍሽው ከማንኛውም ፍቺ ይሻላል።

ሰንበት ተማሪ፦

ሂፖክሪት ሳይነሳ እንዳይዘጋ። የግሪኩ ቃል የመድረክ ተዋናይ ማለት ነበር። ጭንብል አድርጎ የሌላ ሰው ቃል የሚናገር። ማቴዎስ ምዕራፍ 23 ላይ «ወዮላችሁ» እየተባለ የሚደጋገመው ይህ ቃል ነው፤ በአማርኛችን «ግብዞች»። ግእዙ ደግሞ «መድልዋን» ይላቸዋል። «አድልዎ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ነው። ግሪኩ ጭንብሉን አየ፣ ግእዙ ሚዛኑን አየ። ለራሱ አንድ ሚዛን ለሌላው ሌላ ሚዛን የሚይዝ ሰው። እኔ የግእዙን እመርጣለሁ። ተዋናይ ምን አደረገ? ቲኬት የገዛው ሁሉ ተዋናይ መሆኑን ያውቃል።

የማታ ፈረቃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለቴ አነበብኩ። ከሪያድ የጻፍሽው እህቴ፣ አንቺን ሳነብ የእኔ ጉዳይ በጣም ትንሽ ሆነብኝ።

ትናንት የአዛውንቱን ልጅ ቡና አፈላሁላት። «ይመስላል» እና «ያስመስላል» በእኛ ቋንቋ አንድ ሥር እንደሆኑ ነገርኳት። በወረቀት ላይ ጻፍኩላት፤ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች «መሰለ፣ አስመሰለ» አለች። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔም ጠየቅኳት። ለአለቃዬም ራሷ ደውላ አስረዳች።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ቸገረኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን ይዤ ገባሁ። ዓይናቸው ተከድኗል። ስጠራቸው አልመለሱም። ነርስ እንዳለችኝ አድርጌ ጻፍኩ። ዞሬ ልወጣ ስል አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝና ፈገግ አሉ። መድኃኒቱ በጣም ስለሚመር ነው። ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?

ነርስ ነኝ፦

«አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ፈገግ አሉ» ብለሽ ጻፊ። መድኃኒቱን ከዋጡም ሰዓቱን አትርሺ።